የቆሮሶ ድንጋጤ፣ የቅርንፉድ እንቅልፍ

ዓሣ አርቢን ግራ የሚያጋባ አንድ ዓይነት ሞት አለ። ሐሙስ ጠዋት ኩሬው በመረብ ይጎተታል። ቆሮሶው በባልዲ እየተቀዳ ይመዘናል፣ ይቆጠራል፣ ትልቁ ከትንሹ ይለያል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ውሃው ይለቀቃል። ሁሉም ጅራቱን እየወዘወዘ ሄዷል። ዓርብም ደህና ነው። እሑድ ማለዳ ግን አሥሩም ሃያውም ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ከኩሬው ጠርዝ ተንሳፎ ይገኛል። አርቢው ውሃውን ይጠረጥራል። መኖውን ይጠረጥራል። ከላይ ካለው የበቆሎ ማሳ በጎርፍ የወረደ ፀረ ተባይ ይሆን ብሎ ይጨነቃል። ሐሙስን የሚጠረጥር ግን የለም። ዓሣውን የገደለው ያ ጠዋት፣ ከውሃ ውጭ በሰው እጅ ላይ ያለፉት ጥቂት ደቂቃዎች መሆናቸውን ማመን ይከብዳል።

እነዚያን ደቂቃዎች የሚያቀልል መንገድ አለ፤ ዓሣውን ከመንካት በፊት ማደንዘዝ። በብዙ አገር የዓሣ ማራቢያዎች ዘንድ ይህ አሥርት ዓመታት ያስቆጠረ አሠራር ነው። ከሚጠቀሙባቸው ማደንዘዣዎች አንዱ ደግሞ ሶዶ ገበያ ላይ ከሄልና ከቀረፋ ጎን ከሚሸጠው፣ ጥርሱን ያመመው ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ቅመም ይወጣል፤ ከቅርንፉድ።

ወላይታ ውሃ ያልተነፈገው አገር ነው። በምሥራቅ ብላቴ ወንዝ እየተጠማዘዘ ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳል። በምዕራብ ኦሞ አለ፤ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ከተመረቀ ወዲህ ከጀርባው የተንጣለለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዓሣ ማስገሪያ ሆኗል። ከሐይቅና ከወንዝ ርቆ በደጋውና በወይና ደጋው ደግሞ ከጓሮው ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ ያስገባ አርሶ አደር ይገኛል። በ2015 ዓ.ም. ከጎረቤት ከአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ከወተት፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር ዓሣን ወደ ቤተሰቡ ገበታ ለማምጣት ያለመ ነው።

በዓሣ አስጋሪና በዓሣ አርቢ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይጀምራል። አስጋሪው መረቡን ሲስብ የዓሣው ታሪክ አብቅቷል። አርቢው ግን የነካው ዓሣ ነገ እንዲበላ፣ ከወር በኋላ እንዲከብድ፣ ከዓመት በኋላ እንዲራባ ይፈልጋል። ዓሣውን ነክቶ በሕይወት መመለስ መቻል የእርባታው ግማሽ ሙያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የወላይታ ገበሬ ይህን ሙያ በሌላ እንስሳ አሳምሮ ያውቀዋል። ለጊፋታ በዓል የሚደልበው በሬ ሳሩ ታጭዶ፣ የስኳር ድንች ሐረጉ ተቆርጦ ከቆመበት ይቀርብለታል። ብዙ አይራመድም፤ አይጮህበትም፤ እንግዳ እጅ አይበዛበትም። ከመታረዱ በፊት ሲሯሯጥ የዋለ በሬ ሥጋው ጠቆር ደረቅ ብሎ የሚወጣው በጡንቻው ውስጥ የተከማቸው የኃይል ስንቅ በድንጋጤና በሩጫ ስለሚያልቅ ነው። በዓሣ አካል ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚለየው ዓሣ አለመጮሁ ነው። በሬ ሲሰቃይ ሰፈሩ ይሰማል፤ ቆሮሶ ሲሰቃይ ግን የሚሰማው የጅራቱ መንፈራገጥ ብቻ ነው፤ ያንንም ብዙ ሰው የጤንነት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል።

መረብ የተጠጋው ዓሣ ሊበላው የመጣ እንዳለ ነው የሚያውቀው። ሰከንዶች ሳያልፉ አድሬናሊን በደሙ ይሰራጫል፤ የልቡ አሠራርና አተነፋፈሱ ይለወጣል። ደቂቃዎች ቆይቶ ኮርቲሶል ይከተላል። ኮርቲሶል በሰውም አካል ያለ፣ ጭንቀት ሲበረታ የሚጨምር ሆርሞን ነው። ከጉበት ስኳር ወደ ደም ይወጣል፤ ጡንቻው ኦክስጅን እያጠረው ሲሠራ አሲድ ያጠራቅማል። ይህ ሁሉ ለአንድ ፈጣን ማምለጥ የተዘጋጀ መሣሪያ ነው። ማምለጫ በሌለበት ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ግን መሣሪያው ወደ ባለቤቱ ይዞራል። ኮርቲሶል ከፍ ብሎ ሲቆይ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት አቅም ይዳከማል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ዕንቁላል የያዘች ዓሣ ከሆነች የዕንቁላሏ ጥራት ይቀንሳል።

ከዚህም የከፋው ዓይን የማያየው የጨው መጥፋት ነው። በጨው አልባ ውሃ የሚኖር ዓሣ ደሙ ከአካባቢው ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ውሃ ሳያቋርጥ ወደ ሰውነቱ ሊገባ፣ ጨው ደግሞ ሳያቋርጥ ሊወጣ ይገፋል፤ ዓሣው ዕድሜውን ሙሉ ይህን ሲከላከል ነው የሚኖረው። ዋናው የመከላከያ በር ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ባለው ክዳን ሥር የተደረደረው፣ ማበጠሪያ የሚመስለው ቀይ መተንፈሻ ነው። ድንጋጤ ሲይዘው ኦክስጅን አብዝቶ ለመሳብ ይህን በር ይበረግደዋል። በዚያው በር ጨው ይፈሳል። ከባልዲው ወደ ኩሬው ሲመለስ እየዋኘ መሄዱ እውነት ነው፤ ውስጡ ግን የጎደለበት ነገር አለ።

ሦስተኛው ጉዳት በእጅ ላይ ይቀራል። ዓሣ ይዞ የሚያውቅ ሁሉ መዳፉ ላይ የሚጣበቀውን አንሸራታች ፈሳሽ ያውቀዋል። ያ ፈሳሽ የዓሣው ልብስም ጋሻም ነው፤ ጀርምና ሻጋታ ቆዳው ላይ እንዳያርፍ ያግዳል። ደረቅ እጅ፣ ደረቅ ፎጣ፣ ቋጠሮ የበዛበት ሻካራ መረብ ጋሻውን ገፎ ይወስደዋል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ በተላጠው ቦታ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ የሚበቅለው ሻጋታ የመጣው ከዚያ ነው። የእሑዱ ሞት ምሥጢርም ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን ይነካል? እንዳይነካ ቢደረግ አይሻልም? የቆሮሶ ጠባይ አይፈቅድም። ቆሮሶ ገና መዳፍ ሳይሞላ፣ ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ዕድሜው መራባት ይጀምራል። ወንዱም ሴቷም በአንድ ኩሬ ከቆዩ ውሃው በጫጩት ይሞላል፤ መኖው ለብዙ አፍ ይከፋፈላል፤ ዓመት ሲሞላ አርቢው የሚያወጣው ለምጣድ የማይበቃ ድንክ ዓሣ ይሆናል። ስለዚህ ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማሳደግ ያዋጣል፤ ከሴቶቹ ይልቅ ፈጥነው የሚያድጉትም እነሱ ናቸው። ጫጩቱን ሁሉ ወንድ የሚያደርገው ሆርሞን በማይገኝበት አካባቢ መለየት የሚቻለው በእጅና በዓይን ነው። ከ20 እስከ 30 ግራም የደረሰው እያንዳንዱ ዓሣ ተይዞ፣ ተገልብጦ፣ ከሆዱ በታች ያለው የመራቢያ ክፍል ይታያል። ለአንድ ሺህ ዓሣ አንድ ሺህ ጊዜ ማለት ነው። ቆሮሶም ዝም ብሎ አይያዝም፤ የጀርባው እሾህ ጣት ይወጋል፤ ሠራተኛው ሲወጋ ጨምቆ ይይዛል ወይም ይጥላል።

የአምባዛው ደግሞ ይብሳል። አምባዛ በኩሬ ውስጥ በራሱ ፈቃድ አይራባም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ለእናቲቱ ሆርሞን በመርፌ ይሰጣታል፤ ውሃው 25 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ሆዷ በእጅ ቀስ ብሎ እየተጨመቀ ዕንቁላሏ በሳህን ይታለባል። ኪሎ የሚያልፍ፣ ሙልጭልጭ፣ ጡንቸኛ ዓሣ ሁለት ሰው ይዞት የሚታገለው ሥራ ነው። ስትታገል ዕንቁላሉ በደምና በውሃ ይበላሻል፤ ሆዷ ውስጥም ጉዳት ይደርሳል። ያን ያህል የተደከመባት እናት ለሚቀጥለው ጊዜ ሳትተርፍ ስትቀር ኪሳራው የገንዘብ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ጉዞ አለ። ጫጩት በየወረዳው አይፈለፈልም። የአገሪቱ ዋናው የዓሣ ምርምር ማዕከል ያለው ከአዲስ አበባ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰበታ ነው፤ ለኩሬዎችና ለግድቦች የዓሣ ጫጩት በማከፋፈልም ይታወቃል። ከዚያ እስከ ወላይታ ሶዶ ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጫጩቱ ሲሶው ውሃ፣ ሁለት ሲሶው ኦክስጅን በሆነ የላስቲክ ከረጢት ታስሮ በመኪና ይጫናል። በየጉድጓዱ መንገጫገጭ አለ፤ ፀሐይ አለ፤ ከሁሉ በላይ ዓሣው ራሱ የሚያስወጣው አሞኒያ በዚያች ጠባብ ውሃ ውስጥ ይጠራቀማል።

በእኛ አገር ላይ የሚጨመር አንድ ነገርም አለ፤ ከፍታ። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በሊትር እስከ 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ከአየሩ ይይዛል። እንደ ሶዶ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያው ውሃ ከ7 ብዙም አያልፍም። አየሩ ስለሚሳሳ ነው። የውጭ መጽሐፍ «ዓሣው ይህን ያህል ደቂቃ በባልዲ ይቆያል» ሲል የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቆላ ውሃ ነው። የደጋው አርቢ ትንፋሹ ገና ከመጀመሪያው ከአምስት አንድ እጁ የቀነሰበት ዓሣ ነው በእጁ የያዘው።

ዓሣ ይደነግጣል እንበል፤ ያመዋልስ? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ እንደ ቀልድ ሲታይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ፣ ዶሊ የተባለችው በግ በተወለደችበት በስኮትላንዱ የሮዝሊን ተቋም፣ የትራውት ዓሣ ጭንቅላት ላይ ጉዳትን ለይተው የሚሰሙ የነርቭ ጫፎች መኖራቸውን አሳዩ። ከንፈራቸው ላይ የንብ መርዝ ወይም አሴቲክ አሲድ የተወጉት ዓሦች ግራና ቀኝ ተወዛወዙ፤ ከንፈራቸውን ከጠጠሩ ጋር አሹ፤ መብላትም ለሰዓታት ተዉ። ሞርፊን ሲሰጣቸው ይህ ቀነሰ። የዓሣ አንጎል ሕመምን «ለመሰማት» የሚያስችል አሠራር የለውም ብለው የሚከራከሩ ሳይንቲስቶች ዛሬም አሉ። ለአርቢው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ሕመምም ይባል ሌላ፣ ዓሣውን የሚጎዳው ነገር በደሙና በሥጋው ላይ ይነበባል።

በዓሣ ማራቢያዎች ዘንድ በጣም የታወቀው ማደንዘዣ ኤምኤስ-222 ይባላል። ነጭ ዱቄት ነው፤ በጥርስ ሐኪም ዘንድ ድድ ለማደንዘዝ ከሚወጉት መድኃኒቶች ጋር ዝምድና አለው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ስለሚያኮመጥጠው ቤኪንግ ሶዳ ይታከልበታል፤ አለበለዚያ ዓሣው በአሲዱ ይቃጠላል። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን ውድ ነው። ለአንድ የሶዶ ዙሪያ አርሶ አደር ስለ እሱ ማውራት ብዙ አይጠቅመውም።

የቅርንፉድ ዘይት ግን ሌላ ነው። ከዘይቱ አብዛኛው፣ ከ70 እስከ 90 በመቶው፣ ዩጂኖል የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ የታመመ ጥርስ ላይ የተነከሰ ቅርንፉድ የሚያደነዝዘው በእሱ ነው። የጥርስ ሐኪሞችም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰው ለመሙያ ይጠቀሙበታል። በዓሣ ላይ የጃፓን ተመራማሪዎች ገና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞክረውታል። በ1990ዎቹ ደግሞ ቅመሙ በበቀለበት በኢንዶኔዥያ፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ ተከታታይ ሙከራዎች ተደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣት ትራውት ላይ የተሠራ ጥናት በሊትር ከ40 እስከ 60 ሚሊ ግራም ዩጂኖል ዓሣውን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደሚያስተኛ አሳይቷል።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ለግምት ቦታ የለውም። ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም፤ እንዲሁ ጠብ ቢደረግ ከላይ ተንሳፎ አንዱን ዓሣ ሳይነካ ሌላውን ይገድላል። ስለዚህ አንድ እጅ ዘይት ከዘጠኝ እጅ አልኮል ጋር በጠርሙስ ይመታል፤ ከዚያ ነው ወደ ውሃው የሚገባው። ሒሳቡ በጄሪካን ሲታሰብ ይቀላል። በሊትር 50 ሚሊ ግራም ከተፈለገ ለ20 ሊትር ውሃ አንድ ግራም ይበቃል፤ ይህም አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ነው፤ በትንሽ ሲሪንጅ ይለካል። ከአልኮሉ ጋር አሥር ሚሊ ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ውሃው ከዚያው ከኩሬው የተቀዳ ይሁን፤ ሙቀቱ እንዳይለያይ። ሁለተኛ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ይዞ፣ አየር እየተናፈሰበት፣ አጠገብ ይቆማል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓሣ ብቻ ይገባል። የሚበቃው መጠን እንደ ውሃው ሙቀት፣ እንደ ዓሣው ክብደትና ዓይነት ይለያያል፤ አየር መሳብ የሚችለው አምባዛ ብዙውን ጊዜ ከቆሮሶ በላይ ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማየት ነው። መጀመሪያ ዓሣው ይረጋጋል፤ ከእጅ አይሸሽም። ቀጥሎ ሚዛኑን ይስታል፤ በጎኑ ይጋደማል። ትንሽ ቆይቶ ጅራቱ ሥር ቆንጠጥ ቢደረግ አይመልስም፤ የመተንፈሻው ክዳን ግን ቀስ እያለ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሥራው የሚሠራው በዚህች ጊዜ ነው። ጥሩ ማደንዘዣ የሚባለው ዓሣውን በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚያስተኛ፣ በንጹሕ ውሃ ደግሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያነቃ ነው። ክዳኑ መንቀሳቀስ ካቆመ ግን እንቅልፉ አልፏል። ወዲያው ወደ ንጹሑ ባልዲ ይወሰድና ከጅራቱ ተይዞ ወደ ፊት ብቻ በዝግታ ይገፋል፤ ውሃ በአፉ ገብቶ በመተንፈሻው እንዲያልፍ። ብዙዎች በዚህ ይተርፋሉ።

ለጉዞ የሚውለው መጠን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም። ዓላማው ማስተኛት ሳይሆን ማረጋጋት ነው። የተረጋጋ ጫጩት ኦክስጅን ይቆጥባል፤ የሚያስወጣውም አሞኒያ ያንሳል። ጠልቆ የተኛ ጫጩት ግን ከከረጢቱ ሥር ተከማችቶ ይተፋፈናል።

እዚህ ላይ ሊመጣ የሚችል ፈተና አለ። ዘይቱ ካልተገኘ ቅርንፉዱን በሙቀጫ ወቅጦ፣ አፍልቶ፣ ጭማቂውን ባልዲው ውስጥ መጨመርስ? መልሱ አይሆንም ነው። ደረቅ ቅርንፉድ የሚይዘው ዘይት እንደ ጥራቱና እንደ ዕድሜው ይለያያል፤ ሲፈላ ምን ያህሉ በእንፋሎት እንደሄደ፣ ምን ያህሉ እንደቀረ አይለካም። በዚህ ነገር እንቅልፍና ሞት የሚለያዩት በመጠን ብቻ ነው፤ ያልተለካ ማደንዘዣ መርዝ ነው።

ይህን የኢትዮጵያ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን የሚገድለውን ወገን ነው። ብርብራ የአገራችን ዛፍ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይበቅልም፤ በደቡቡ የቡና ጥላ ሆኖ ይታያል። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ በጣና ገባር ወንዞች በመራቢያ ወቅት ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። ሲያዩት ማደንዘዣ ይመስላል። ነገር ግን በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን ነርቭን አያስተኛም፤ የአካል ሕዋሶች ኦክስጅንን እንዳይጠቀሙበት ያግዳቸዋል። ዓሣው በውሃ ተከቦ፣ ኦክስጅን በደሙ እያለ፣ ከውስጥ ይታፈናል። ለመራባት የወጣችውን እናትና ሚጢጢውን ጫጩት ሳይለይ ይጨርሳል።

እንዶድም እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነስተው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለመዋጋት የሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ያው የእንዶድ አረፋ የዓሣን መተንፈሻም ያቆስላል፤ ልብስ በእንዶድ የታጠበበት ውሃ ወደ ኩሬ እንዳይወርድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከአክሊሉ ሥራ የሚወሰደው ግን ሌላም ነገር አለ። ሴቶቹ የሚያውቁትን ፍሬ ንቀው አላለፉም፤ ለክተውት፣ መጠኑን አውቀውት ነው ወደ ጥቅም የለወጡት። ቅርንፉድም የሚፈልገው ይህንኑ መለካት ነው።

ማደንዘዣ ራሱ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ አገር በዜብራ ዓሣ ላይ የተደረገ ሙከራ ዓሦቹ ኤምኤስ-222ን ጨምሮ አብዛኞቹ ማደንዘዣዎች ካሉበት የውሃ ክፍል እንደሚሸሹ አሳይቷል። ማስተኛቱ በራሱ ደስ የሚል ነገር አይደለም ማለት ነው፤ ስለዚህ ለሁለት ሴኮንድ ሥራ ዓሣን ማደንዘዝ አይገባም። ዓሣውን ለሚበላው ሰውም መጠንቀቅ ያሻል። በአሜሪካ ሕግ በኤምኤስ-222 የተደነዘዘ ዓሣ 21 ቀን ሳይሞላው ለምግብ አይቀርብም፤ የቅርንፉድ ዘይትም ለምግብ ዓሣ ፈቃድ አልተሰጠውም። በኒው ዚላንድ በተቃራኒው የዩጂኖል ዘመድ የሆነው አይሶዩጂኖል፣ አኩዊ-ኤስ በሚል ስም፣ የመቆያ ቀን ሳይጠየቅበት ይሠራበታል፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት ጥናት ይኸው አይሶዩጂኖል በወንድ አይጦች ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ዘግቧል። አገሮች እንዲህ በሚለያዩበት ጉዳይ ለእኛ አርቢ የሚበጀው ጥብቁ መንገድ ነው። የሚደነዘዘው እናት ዓሣና ጫጩት ይሁን፤ ነገ ገበያ የሚወጣው ዓሣ አይሁን። ከዚያ በፊትም የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይገባል፤ የእንስሳት መድኃኒት በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነው። ዘይቱን የሚይዘው ሠራተኛም ጓንት ያድርግ፤ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል።

ሁሉም ነገር ከመድኃኒት አይጀምርም። ከቅርንፉዱ በፊት ጨው አለ። ከአፍዴራ እስከ ሶዶ የማይጠፋው ተራ ጨው፣ በሊትር ከ3 እስከ 5 ግራም በባልዲው ወይም በጉዞው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ፣ ከዓሣው ደም የሚወጣውን የጨው ፍሰት ያቀዘቅዛል፤ ለ20 ሊትር ጄሪካን ከ60 እስከ 100 ግራም መሆኑ ነው። ከመያዙ በፊት አንድ ቀን መኖ መከልከል ሆዱን ባዶ ያደርገዋል፤ ውሃውም አይበላሽም። መረቡ ቋጠሮ የሌለው ይሁን። እጅ ይርጠብ። ሥራው ፀሐይ ሳትበረታ፣ ማለዳ ይሠራ፤ ግን ጎሕ ሲቀድ አይሁን፤ ሌሊቱን ሲተነፍስ ያደረው ኩሬ በዚያ ሰዓት ኦክስጅኑ አነስተኛ ነው። ዓይኑ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ዓሣ ከተገለጠው ይልቅ ይረጋጋል። በረዶ ውስጥ መክተት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሞቃት ውሃ ለለመደው ቆሮሶ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ራሱ ሌላ ድንጋጤ ነው። ይህን ሁሉ ያልጀመረ አርቢ ማደንዘዣ ቢገዛ ገንዘቡን ያባክናል።

ወላይታ አዲስ የግብርና ዘዴን ከባለሙያ እጅ ተቀብሎ ማሳ ላይ በመሞከር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው ዋዱ፣ የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ ከገበሬው ጓሮ ሲገባ የሠራው ሥራ በታላላቆች ዘንድ ዛሬም ይነሳል። ዛሬ በየቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ አለ፤ በሶዶ ዩኒቨርሲቲና የግብርና ኮሌጅ አሉ። የጎደለው ለዓሣ የተሠራ ትንሽ ሣጥን ነው። አንድ ጠርሙስ የቅርንፉድ ዘይት፣ አንድ ጠርሙስ አልኮል፣ ሲሪንጅ፣ የጨው መለኪያ፣ ቋጠሮ የሌለው መረብ፣ ሰዓት። ለአንድ ቀበሌ አንድ ይበቃል። ከኩሬ መቆፈሪያ ወጪ አጠገብ ሲቀመጥ ይህ ምንም አይደለም፤ መጀመሪያ ሊቀርብ የሚገባው ጫጩት ለሚያባዙትና ወንድ ከሴት ለሚለዩት ነው፤ አንድ ስህተታቸው በሺህ የሚባዛባቸው እነሱ ናቸውና።

ጫጩቱ ሶዶ ሲደርስ ከረጢቱ ወዲያው አይከፈትም። እንደታሰረ በኩሬው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የውስጡና የውጭው ሙቀት እስኪስተካከል ሩብ ሰዓት ያህል። ከዚያ አፉ ይፈታና የኩሬው ውሃ በኩባያ በኩባያ ይጨመርበታል። ከረጢቱ ዘንበል ይላል፤ ማንም በእጁ አይነካቸውም፤ መንገዱን ሙሉ ፈዘው የመጡት ጫጩቶች አንድ አንድ እያሉ ራሳቸው ወጥተው ወደ ጥልቁ ይገባሉ።